ባለቢጫ በሯ መኪና

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ስሙን ወደ መሥሪያ ቤቷ ያስገቡት እናቷ ናቸው። አንድ ቀን በቢሮው ስልክ ደውለው፣ «ሚጣን አቅርቡልኝ፤ ምሳዋን ረስታ ሄዳለች» አሉ። ስልኩን ያነሳው አለቃ እጀታውን በእጁ ሸፍኖ፣ «እዚህ ሚጣ የምትባል ሕፃን አለች እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ባለትዳር፣ ሠላሳዋን ያለፈች፣ በሥራዋ የተመሰገነች ሴት ብትሆንም ለሁሉም ሚጣ ሆና ቀረች።

ሥራዋ ከኮረብታው ሥር የሚያልፈውን ዋሻ መንገድ መቆጣጠር ነው። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ዋሻዎች ናቸው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ አለፍ አለፍ ብሎ አረንጓዴ የብረት በር አለ። በአንዱ ዋሻ አደጋ ቢደርስ ሰው በበሩ ሾልኮ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሚጣ ይህን ሁሉ የምታየው ከመሄጃው መውጫ አጠገብ ባለ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ነው።

ድሮ መኪና ዋሻው ውስጥ ገባ ሲል ሬዲዮው ሽሽሽ ይልና ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የእጅ ሬዲዮም እንደዚያው ይደነቁር ነበር። ኋላ ግን በየዋሻው ጣሪያ ላይ፣ ከአፍ እስከ አፍ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ከውጭ የሚሰጠውን የሬዲዮ ሞገድ፣ እንደተበሳሳ የውሃ ጎማ፣ በመንገዱ ሁሉ እያንጠባጠበ ይሄዳል። ዘፈኑም ኳሱም ዜናውም ከመሬት በታች ሳይቆራረጥ ይሰማል። ሚጣ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። ቁልፏ ስትጫን ጣቢያው ሁሉ ዝም ይልና ዋሻው ውስጥ ባለው መኪና ሁሉ የሚሰማው ሚጣ የምትናገረው ብቻ ይሆናል።

ሚጣ ያቺን ቁልፍ አትወዳትም። በስልክ ያናገሩት ሰው «አቤት» ይላል። በዚህች ቁልፍ ግን ማን እንደሰማ፣ ማን ሬዲዮውን እንዳጠፋ፣ ማን እንደተሳደበ የሚታወቅ ነገር የለም።

«አትናከስም እኮ» ይላታል ሽቦ። ሽቦ ገመዱንና መሣሪያዎቹን የሚጠግነው ቴክኒሻን ነው፤ ስሙን ያወጡለት ቅጥነቱን አይተው ነው።

«ብትናከስማ ጥሩ ነበር» ትለዋለች። «ምን እንዳደረገች ይታወቀኝ ነበር።»

የዚያን ቀን ጠዋት እናቷ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ያለ ደጋፊ ጥቂት እንኳ መራመድ አይሆንላቸውም። የሚወስዳቸውም የሚመልሳቸውም የሚጣ ባል ነው። እሱ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ ቁመቱን አይተው ሎጋው ይሉታል፤ አማቱም ስሙን ወደውለት ከዚያ ሌላ አይጠሩትም። ሁለቱ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት፤ ግን ሳይተያዩ ከሰነበቱ «ያ ረጅም ሰው የት ገባ?» ማለት የእናቷ ልማድ ነው። መኪናቸው አሮጌ ሰማያዊ ናት። የኋላ በሯ ተገጭቶ ከሌላ መኪና በተፈታ ቢጫ በር ተተክቷል። ሚጣ አስቀባው ብትለው፣ ብትለምነው፣ ሎጋው «አቁመን ስንፈልጋት እንዳትጠፋን ነው» እያለ አልፎታል።

እናቷ ሁለት ነገር አይወዱም። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ራሴን በጠበጠኝ ይላሉ፤ በዋሻ ማለፍ ደግሞ ሳልሞት አትቅበሩኝ ያሰኛቸዋል። ስለዚህ ሎጋው ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም በላይኛው መንገድ ነው የሚወስዳቸው። ሚጣም የምታውቀው ይህን ነበር። የዚያን ቀን ግን ሐኪሙ ዘገየ፤ የሎጋው የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ደረሰ። አባብሎ በዋሻው ይዟቸው ገባ።

ከምሳ በኋላ ነው። ሚጣ በአንደኛው ስክሪን ላይ ስፖንጅ ፍራሽ እስከ ላይ የጫነ የጭነት መኪና በመሄጃው ዋሻ መሃል ሲያዘግም አየች። ከኋላ ጎማው ሥር ነጭ ጭስ ይወጣል።

«አለቃ፣ ይሄ መኪና ይጨሳል» አለች።

አለቃው ቀና ሲል መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ዘሎ ወረደ፣ እሳት ማጥፊያውን አወጣ፤ አረፋውን ከመርጨቱ እሳቱ ወደ ፍራሹ ወጣ። ነጩ ጭስ ባንድ አፍታ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ከፊቱ የነበሩት መኪኖች መንገዳቸውን ቀጥለው ወጡ። ከኋላው የነበሩት ግን በሁለት ረድፍ እየተደረደሩ ቆሙ።

ሚጣ እንደሠለጠነችው አደረገች። መግቢያውን በቀይ መብራት ዘጋች፤ መመለሻውንም ዘጋች፤ ማራገቢያዎቹን አስነሳች። አለቃው እሳት አደጋ ደወለ። የዚያን ቀን ግን ከመውጫው በኩል ነፋሱ በርትቶ ነበርና ማራገቢያዎቹ ጉልበት እስኪያገኙ ጭሱ ወደ ቆሙት መኪኖች ይመለስ ጀመር። ሚጣ ቀይዋን ቁልፍ ተጭና የተቀዳውን መልእክት ለቀቀች። ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቃል በቃል እያነበበ፣ «ክቡራን ተጠቃሚዎቻችን» ይላል።

ማንም አልወረደም።

አንዱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ሲጋራውን ያራግፋል። አንዷ መስታወት እያየች ፀጉሯን ታስተካክላለች። ጭሱ ገና አልደረሰባቸውም፤ መልእክቱም ማስታወቂያ ነው የመሰላቸው። ሚጣ ካሜራውን አንድ በአንድ እየቀየረች ረድፉን ስታይ፣ ከጭነት መኪናው ብዙም ሳይርቅ፣ በቀኝ ረድፍ፣ አንዲት ሰማያዊ መኪና አየች። የኋላ በሯ ቢጫ ነው።

ሌላም ባለቢጫ በር መኪና ይኖራል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ከኋላ መስኮቱ ግን ነጭ ሻርፕ ይታያል፤ እግራቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው የተቀመጡት እናቷ ናቸው።

የተቀዳውን ድምፅ ቆርጣ ማይኩን ወደ አፏ ሳበችው።

«ስሙኝ! ይሄ ማስታወቂያ አይደለም። እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ነኝ፤ እያየኋችሁ ነው። ከፊታችሁ እሳት አለ። ሲጋራ የያዝከው ወንድሜ፣ አንተንም እያየሁህ ነው። ሞተር አጥፉ፤ ቁልፉን እዚያው ተዉት፤ ውረዱ! በግራችሁ አረንጓዴ በር አለ። አሁኑኑ ውረዱ!»

ባለሲጋራው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። በሮች መከፈት ጀመሩ። ሰው ልጁን አቅፎ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። ሎጋውም ወረደ። ሬዲዮው ጠፍቶ ስለነበር ድምፁን የሰማው ከጎረቤት መኪና ይሁን፣ ሰው ሲወርድ አይቶ ይሁን፣ ሚጣ አታውቅም። ብቻ ወረደ፤ እሷም እፎይ አለች። መኪናዋን ዞሮ ወደ ቢጫው በር ሄደ። እጀታውን ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እሳቱ አየ። ጭሱ ጣሪያውን ሞልቶ፣ መብራቶቹን እየዋጠ፣ ወደ እሱ እየመጣ ነበር።

እጀታውን ለቀቀው። ዞረና እግሬ አውጪኝ አለ።

አረንጓዴውን በር እንኳ አላየውም። በመኪኖቹ መሃል፣ ሰው እየገፋ፣ ወደ ገቡበት አፍ ሮጠ። ከካሜራ ወደ ካሜራ እየተሻገረ ሄዶ ከዓይኗ ተሰወረ።

ሚጣ አፏ ተሳሰረ። ማይኩ እንደተከፈተ ነው፤ በዋሻው ውስጥ ባሉት ሬዲዮዎች ሁሉ የሚሰማው የሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ሚጣ!» ሽቦ ጮኸ። «ተናገሪ እንጂ!»

«ሰማያዊ መኪና» አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም። «በቀኝ ረድፍ ያለች ሰማያዊ መኪና፤ የኋላ በሯ ቢጫ ነው። አንዲት እናት ውስጧ አሉ። ብቻቸውን መራመድ አይችሉም። አጠገባቸው ያላችሁ፣ ስለ እናታችሁ፣ እሳቸውን ይዛችሁ ውጡ። ሌላውም ስሙኝ፤ ሬዲዮአችሁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉና በሩን ክፍት ትታችሁ ሂዱ። ሬዲዮ ያልከፈተ ሰው ይስማ።»

ነጭ ሸሚዝ የለበሰች አንዲት ሴት ወደ አረንጓዴው በር ስትሮጥ ቆም አለች። ዞር ዞር ብላ ፈለገች። ቢጫውን በር አየችው። ሚጣ «እሷ ናት፣ እሷ፣ ሂጂ፣ ሂጂልኝ» ስትል፣ ከሽቦ መሣሪያ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጮኸ።

«ገመዱ ተቃጠለ» አለ ሽቦ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ከኛ በኩል የሚሄደው እሳቱ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። ከእሳቱ ወዲያ ያሉት አይሰሙሽም።»

በስክሪኑ ላይ ሰዎቹ ቆሙ። ሚጣን ያስፈራት መሯሯጣቸው አልነበረም፤ መቆማቸው ነው። ድምፁ ሲጠፋባቸው ግራ ገባቸው። አንዱ ወደ መኪናው ተመልሶ በሩን ዘጋ። ሌላውም ተከተለው። ነጭ ሸሚዟም አመነታች፤ ከዚያ ጀርባዋን ለሰማያዊዋ መኪና ሰጠች። ጭሱ ካሜራውን ሸፈነው። የሚቀጥለውንም ሸፈነው። ስክሪኖቹ አንድ ባንድ ጥቁር ሆኑ።

«ሽቦ፣ በእናትህ አንድ ነገር አድርግ!»

«በመግቢያው አፍ በኩል ድምፅሽን ከዚያኛው ጫፍ ወደ ገመዱ የሚሰጥ ሌላ ማጉያ አለ። በራሱ መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም። ሰው በእጁ ማስነሳት አለበት።» ይህን ሲል ስልኩን አንስቶ መግቢያው ላይ ላለው ዘበኛ ደውሏል። «ጋሼ፣ ሽቦ ነኝ። ከጀርባዎ ያለችውን ግራጫ ቁም ሣጥን ይክፈቱልኝ።»

«ቁልፍ የለኝም!» የዘበኛው ድምፅ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍሉን ሞላው።

«ይስበሩት!»

«የመንግሥት ንብረት ነው እኮ ልጄ!»

«እኔ እጠየቃለሁ፤ ይስበሩት!» አለ አለቃው ከኋላ።

የብረት ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ተሰማ። ከዚያ ዘበኛው እያለከለከ፣ «ቆይ፣ ቆይ፤ አንድ ሰው እየሮጠ ወጣ። ረጅም ሰውዬ ነው። ተንበርክኮ ያስመልሰዋል» አለ።

«ብቻውን ነው?» ሚጣ ጠየቀች።

«ብቻውን ነው።»

ሚጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽቦ ግን ፋታ አልሰጠም። «ጋሼ፣ ከላይ በኩል ወፍራም ማብሪያ አለች። ወደ ላይ ይግፏት።»

«ሁለት ናቸው። የቷን?»

«የቀኟን!»

«በኔ ቀኝ ነው በሣጥኑ ቀኝ?»

«በጸሎት በሚያማትቡበት እጅዎ!»

ኳ የሚል ድምፅ መጣ። በሽቦ መሣሪያ ላይ ቀይ የነበረችው መብራት ተርገበገበች፤ ጠፋች፤ አረንጓዴ ሆነች። «ተናገሪ» አለ። «ይሰሙሻል መሰለኝ።»

መሰለኝ። ሚጣ ከፊቷ ያለው ስክሪን ሁሉ ጨልሟል። ማንን እንደምታናግር አታውቅም። ባዶ መኪና ይሁን፣ የወደቀ ሰው ይሁን፣ ማንም ይሁን።

«ተመልሻለሁ፤ እዚህ ነኝ» አለች። «ወደ መኪና የተመለሳችሁ ውረዱ። መኪናው አያድናችሁም። ዝቅ በሉ፤ ከታች አየር አለ። ለእሳቱ ጀርባችሁን ስጡና ቀኝ እጃችሁን በሮቹ ባሉበት ግድግዳ ላይ አድርጉ፤ እንዳትለቁት። ግድግዳው በሩ ጋ ያደርሳችኋል። የፊታችሁን ሰው ልብስ ያዙ።» ከዚያ መናገር የሌለባትን ተናገረች። «እማዬ፣ ሚጣ ነኝ። ሬዲዮ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ዛሬ ብቻ ስሚኝ። ሰው እየመጣልሽ ነው። ሻርፑን አፍሽ ላይ አድርጊ። ባለነጭ ሸሚዟ እህቴ፣ እዚያ ካለሽ፣ ልለምንሽ...»

አለቃው ትከሻዋን ያዘ። ሊያስቆማት መስሏት ዞር ስትል፣ «ቀጥይ» አላት።

ቀጠለች። ግድግዳውን፣ በሩን፣ አየሩን፣ ያንኑ መልሳ መላልሳ። ዝም ካለች ሰዎቹ እንደገና የሚቆሙ መሰላት። ከእናቷ በቀር የምታስበው ነገር አልነበረም፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ለሁሉም ነበር።

በመጨረሻ የእሳት አደጋ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የነሱ ድምፅ የሚመጣው በመመለሻው ዋሻ ባለው ገመድ ነው።

«መቆጣጠሪያ፣ ትሰሙናላችሁ?»

«እንሰማለን!» አለ አለቃው።

«በመመለሻው ዋሻ ገብተናል። ሰው በበሮቹ እየወጣ ነው። ብዙ ነው። የሚያስሉ አሉ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር እጁ ተቃጥሏል፤ ደህና ናቸው።»

ሚጣ ማይኩን ነጠቀችው። «አንዲት አዛውንት፣ ነጭ ሻርፕ ያደረጉ፣ ዳሌያቸውን የሚያማቸው...»

ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ፣ ሲቋረጥ፣ ሲመለስ ሚጣ ነፍሷ ወጥታ ገባች።

«አንዲት አዛውንት እዚህ ወንበር አምጡ እያሉ እየተቆጡን ነው። ለሚጣ ንገሩልኝ ይላሉ፤ ጉሮሮሽን ጨረስሽው፣ በቃሽ በሏት ይላሉ።»

ሚጣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ሽቦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ወጥታ ስትደርስ እናቷ ከአምቡላንሱ አጠገብ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከሰል መስሎ ከዓይናቸው ሥር ብቻ እንባ የጠረገው መስመር ይታያል። አጠገባቸው ባለነጭ ሸሚዟ ቆማለች፤ ሸሚዙ አሁን ነጭ አይደለም። አንድ ወጠምሻ የዳቦ መኪና ሾፌርም አለ።

«እሱ ነው የተሸከመኝ» አሉ እናቷ። «እሷ ደግሞ ከኋላ ትገፋኝ ነበር፤ እንደ ፍሪጅ።» ሳል አቋረጣቸው። «መጀመሪያ መንገድ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከጎን ካለው መኪና አንቺ ስትጮሂ ሰማሁ። ከፊት ያለውም አንቺ፣ ከኋላ ያለውም አንቺ። ሞቼ የምትጠሪኝ መስሎኝ እንዴት እንደፈራሁ አልነግርሽም።»

ሚጣ ሴትየዋን አቀፈቻት። ጫማ የምትሸጥ ሴት ናት። «አታመስግኚኝ» አለቻት። «ድምፅሽ ሲጠፋ ትቻቸው ሄጄ ነበር፤ ምን ልዋሽሽ። በቃ ሁሉም ሞቷል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ነው ያልኩት። ተመልሰሽ ስትናገሪ ነው የተመለስኩት።»

ሚጣ ወደ እናቷ ጎንበስ አለች። «ሎጋውስ?» አለች፤ የምታውቀውን።

እናቷ ብርድ ልብሱን ሰበሰቡ። «ሮጠ» አሉ። «ጀርባውን አይቼዋለሁ። ዳሌዬ ደህና ቢሆን እኔስ መቼ እቀር ነበር።»

ያን ምሽት እናቷ እነሱ ቤት አደሩ። ሎጋው ከመሸ መጣ። ግን አልገባም። ሚጣ በሩን ስትከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እሱን ስትጠብቅ ስታሰላስለው የዋለችው ቁጣ ነበራት። ፊቱን ስታይ የት እንዳስቀመጠችው ጠፋት።

«ካሜራው ላይ አይተሽኛል አይደል?» አላት።

«አይቼሃለሁ።»

«ያላየሽው አለ።» እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀበራቸው። «ስሮጥ በሮቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ። ሬዲዮዎቹ ሁሉ ይጮኻሉ። ሰማያዊ መኪና ስትዪ፣ አንዲት እናት ስትዪ፣ ከእያንዳንዱ መኪና እየሰማሁ ነው ያለፍኩት። አንዱን ሳልፍ የሚቀጥለው ይነግረኛል። ሰምቼ ነው የሮጥኩት፣ ሚጣ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽሽ መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ።»

ሚጣ የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር። ፈራችው ብሎ መናገርም ይከብዳል፤ ግን የተሰማት ፍርሃት ነበር። ይህን ሰው ነገም ከነገ ወዲያም ከጎኗ ተኝቶ ታገኘዋለች፤ እጀታ ይዞ ሲለቅ አይታዋለች። እሷ እዚያ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር ደግሞ አታውቅም። ይሄኛው ፍርሃት ከዚያኛው አያንስም።

«ግባ» አለችው በመጨረሻ። «ይበርድሃል።» እሷ ግን ከእናቷ ጋር ተኛች፤ ሲያስሉ ውሃ እየሰጠች፣ ዝም ሲሉ ደግሞ እየተነፈሱ እንደሆነ እያዳመጠች።

የአምቡላንሱ ሐኪም ጠዋት ለደረታቸው ምርመራ እንዲመጡ አዞ ነበር። የሕንፃው ሊፍት እንደልማዱ አይሠራም። ሚጣ ጎረቤት ልትጠራ በሩን ስትከፍት፣ እናቷ ከሳሎን፣ «ሎጋው!» ብለው ተጣሩ። ከወትሮው ድምፃቸው የተለየ አልነበረም።

ሎጋው ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ዓይኑ አብጧል። አማቱ ፊት ደርሶ ቆመ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ምን ትገተራለህ?» አሉት። «ዞር በልና ጎንበስ በል።»

«እማማ...»

«የምትለውን ታች ስንደርስ ትለኛለህ። አሁን ተሸከመኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ አለ። ክንዳቸውን በአንገቱ ዙሪያ አደረጉ፤ ሚጣ እጃቸው ሸሚዙን ጨምድዶ እንደያዘ አየች። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ግን አልለቀቁትም። ሎጋው አንድ ደረጃ ወረደ፤ ቆመ፤ ሌላውን ወረደ። ትንፋሹ ይሰማል።

«ቀስ» አሉት። «የሚያባርረን የለም።»

ሚጣ ምርኩዛቸውን ይዛ ከኋላ ተከተለች። ቢያዳልጠው ልትይዝ በምትችልበት ርቀት፣ እጇን ወደ እናቷ ጀርባ ዘርግታ ነበር የምትወርደው፤ ታች እስኪደርሱም እጇን አላጠፈችም።